አክተሩ ማን ነበር?

እኔ ልጅ ሳለሁ ባቲ ውስጥ ፊልም የሚታየው ቪዲዮ ቤት ነበር። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተሸፈነ፣ ፊት ለፊት አንድ ቴሌቪዥን፣ ከዚያ ወዲህ የእንጨት አግዳሚ ወንበር በረድፍ። በተለይ ሰኞ፣ ገበያው በሚውልበት ቀን፣ መቀመጫ ማግኘት ዘበት ነው። ግመል ሸጦ ገንዘቡን በሽርጡ የቋጠረ የአፋር ጎረምሳ፣ ማሽላ ይዞ ከገጠር የመጣ የኦሮሞ ልጅ፣ አማራው ባለሱቅ፣ አርጎባው ነጋዴ፣ ሁሉም በዚያ ሙቀት ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ይቀመጣል።

ፊልሙ በእንግሊዝኛ ስለሆነ አብዛኞቻችን ንግግሩ አይገባንም። አንድ ነገር ለመለየት ግን ቋንቋ አያስፈልግም ነበር፦ አክተሩ ማን እንደሆነ። አክተሩን ካወቅን የቀረው ቀላል ነው፤ አክተር አይሞትምና።

አንድ ሰኞ ያየነውን እስካሁን አልረሳሁም። ርዕሱ ጠፍቶብኛል። አንድ ነጭ ወታደር ብቻውን ወደ አንድ የአፍሪካ አገር ይገባል። ከየቁጥቋጦው ጥቁር ታጣቂዎች ይወጣሉ፤ እሱ ይተኩሳል፤ እነሱ ይወድቃሉ። ስም የላቸውም፣ ቤተሰብ የላቸውም፣ ሥራቸው መውደቅ ብቻ ነው። ከእነሱ አንዱ አድብቶ ከወታደሩ ጀርባ ሲጠጋ ቤቱ በሙሉ «ከኋላህ! ከኋላህ!» ብሎ ጮኸ። እኔም ጮኽሁ። አክተሩ ዞሮ ሲተኩስ አጨበጨብን።

በዚያ ክፍል ውስጥ አንድም ነጭ አልነበረም።

ይህን ያስተዋልሁት ግን ያን ቀን አይደለም። ከብዙ ዓመታት በኋላ የአንድ ጎንደሬ ታሪክ ሳነብ ነው።

የጎንደሩ ልጅና ታርዛን

ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ተውኔት እየጻፉ ከተዋንያን ቡድናቸው ጋር እየዞሩ የሚያሳዩ ሰው ነበሩ፤ እናታቸው መምህርት ናቸው። ኃይሌ ዛሬ በዓለም ከሚታወቁት ኢትዮጵያውያን የፊልም ሰዎች ዋነኛው ናቸው። ስለ ልጅነታቸው ሲጠየቁ ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ትዝታ አለ። እሳቸውና ጓደኞቻቸው ጎንደር ሲኒማ ቤት ገብተው የታርዛንን ፊልም ሲያዩ ልባቸው ከታርዛን ጋር ነበር። አፍሪካዊው ከታርዛን ኋላ አድፍጦ ሲመጣ ጮኸው የሚያስጠነቅቁት ታርዛንን ነው።

ይህን ሳነብ ያቺ የቆርቆሮ ቤት ትዝ አለችኝ። በጎንደርና በባቲ መካከል ስንት ተራራ አለ? በእሳቸው ልጅነትና በእኔ መካከል ስንት ዓመት? ጩኸቱ ግን አንድ ነው።

ታርዛንን እ.ኤ.አ. በ1912 የፈጠረው ኤድጋር ራይስ በሮውስ አፍሪካን ረግጦ የማያውቅ አሜሪካዊ ነበር። ጆኒ ዋይስሙለር ዝነኛ የሆነበት የ1932ቱ ፊልምም የተቀረጸው ካሊፎርኒያ ነው። ስለዚህ የጎንደር ልጆች ስለ አፍሪካ የተነገራቸውን ያዩት፣ አፍሪካን ሳያይ ካሰባት ሰው ነበር። እንዴት አላወቁበትም እንዳንል፣ ፊልም የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፦ ካሜራው ከታርዛን ጎን ይቆማል፤ ተመልካች ደግሞ ካሜራው ባለበት ይቆማል። የማንን ፊት በቅርብ ካየን፣ የማንን እንባ ካየን፣ የእሱ ወገን እንሆናለን። ፊቱን ያላየነው ሰው ሲሞት አናዝንም።

በአሜሪካ ሲኒማ በ1960ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር ከ1952 ገደማ ጀምሮ) የተነሣው ትግል ዋና ጉዳይም ይኸው ነበር፤ ካሜራው ከማን ጎን ይቁም?

ወንበሩ የት ነበር?

ከዚያ በፊት ምን እንደነበር ለመረዳት አንዲት ሴት ወዴት እንደተቀመጠች ማየት ይበቃል። ሃቲ ማክዳንኤል «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» በተባለው ፊልም የገረድነት ገጸ ባሕርይ ተጫውታ እ.ኤ.አ. በ1940 ኦስካር ተሸለመች። ከጥቁሮች የመጀመሪያዋ ተሸላሚ ናት። በሽልማቱ ምሽት ግን አብረዋት ከሠሩት ተዋንያን ጋር አልተቀመጠችም፤ ከግድግዳው ጥግ ለብቻ ትንሽ ጠረጴዛ ተሰጣት። ፊልሙ አትላንታ ላይ ሲመረቅም፣ የጆርጂያ ግዛት ሕግ ጥቁሩንና ነጩን ስለሚለይ፣ አልተገኘችም።

ተመልካቹም እንደዚያው ነበር። በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ጥቁር ሰው ሲኒማ ሲገባ በጎን በር ገብቶ ሰገነት ላይ ይቀመጣል፤ ወይም የራሱ ሲኒማ ቤት ይፈልጋል። የፊልም ሠሪዎቹ የሥነ ምግባር ደንብ ደግሞ በነጭና በጥቁር መካከል የፍቅር ግንኙነትን ማሳየት እስከ 1956 ድረስ ከልክሎ ነበር።

የያዕቆብን መልእክት ሁለተኛ ምዕራፍ የምታውቁ ወጣቶች ይህ አዲስ አይሆንባችሁም። እዚያም ጉዳዩ የወንበር ነው፤ ማን ከፊት ይቀመጥ፣ ማን ከእግር በታች።

ከ1963 እስከ 1968

ነሐሴ 1963 ሩብ ሚሊዮን ያህል ሰው ዋሽንግተን ላይ ለእኩልነት ተሰለፈ። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ዝነኛ ንግግራቸውን ያደረጉት ያን ጊዜ ነው። ከሰልፈኞቹ መካከል ሲድኒ ፖይቲየር የተባለ ተዋናይ ነበረ፤ ወላጆቹ ከባሃማስ ደሴቶች የመጡ ድሃ ገበሬዎች ናቸው።

በዚያው ዓመት «ሊሊስ ኦቭ ዘ ፊልድ» የተባለው ፊልሙ ወጣ። ርዕሱ ከማቴዎስ ወንጌል የተወሰደ ነው። ታሪኩ ቀላል ነው፤ ሆሜር ስሚዝ የተባለ ተዘዋዋሪ ሠራተኛ መኪናው ውኃ ፈልጎ አሪዞና በረሃ ውስጥ ይቆማል። እዚያ ከአውሮፓ የመጡ መነኮሳት ያገኛል። እሱ ባፕቲስት ነው፣ እነሱ ካቶሊኮች ናቸው፤ እሱ ጥቁር ነው፣ እነሱ ነጮች ናቸው። እነሱ እንግሊዝኛ በቅጡ አይችሉም፣ እሱ የሚከፍለው እንጂ የሚጸልይለት ቀጣሪ አይፈልግም። ሲጣሉና ሲታረቁ በመጨረሻ የጸሎት ቤት ይሠራላቸዋል። በፊልሙ ውስጥ ማንም ማንንም አይገድልም። አዲሱ ነገር ጥቁሩ ሰው ፊቱ በቅርብ የሚታይ፣ የሚቀልድ፣ የሚቆጣ፣ እምቢ የሚል ሙሉ ሰው መሆኑ ነው። ሚያዝያ 1964 ፖይቲየር በዚህ ፊልም በምርጥ ተዋናይነት ኦስካር ሲቀበል፣ ይህን ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ሆነ። ማክዳንኤል ጥግ ከተቀመጠች 24 ዓመት ሆኖ ነበር።

በ1967 ሁለት ፊልሞች ተከተሉ። «ኢን ዘ ሂት ኦቭ ዘ ናይት» ላይ ፖይቲየር ከፊላደልፊያ የመጣ መርማሪ ፖሊስ ነው። ሚሲሲፒ ውስጥ ባቡር ሲጠብቅ፣ ጥቁር ሆኖ ኪሱ ውስጥ ገንዘብ ስለተገኘበት ብቻ በግድያ ተጠርጥሮ ይያዛል። በኋላ አንድ የጥጥ እርሻ ባለቤት በጥፊ ይመታዋል፤ እሱም ወዲያው መልሶ ይመታል። በጥፊ ተመትቶ አንገቱን የሚደፋ ጥቁር ማየት ለለመደው ተመልካች ይህ መብረቅ ነበር። ስለ ሚሲሲፒ የሚተርከው ይህ ፊልም አብዛኛው ክፍሉ የተቀረጸው ግን በሰሜን፣ ኢሊኖይ ውስጥ ነው፤ ፖይቲየር ለሕይወቱ ስለሚሰጋ ወደ ደቡብ መሄድ አልፈለገም። በፊልሙ ላይ ጥፊውን ይመልሳል፤ ከፊልሙ ውጪ ግን የት ማደር እንደሚችል መምረጥ ነበረበት።

ሁለተኛው «ለራት ማን እንደሚመጣ ገምት» ማለት ነው ርዕሱ። አንዲት ነጭ ልጅ ጥቁር ሐኪም ልታገባ ወላጆቿ ቤት ይዛው ትመጣለች። አባትና እናት ዘረኝነትን የሚቃወሙ፣ ልጃቸውንም በዚሁ ያሳደጉ የተማሩ ሰዎች ናቸው። ጥያቄው በራሳቸው ሳሎን ሲቀመጥ ግን አባትየው ይደናገጣሉ። የሙሽራው አባትም፣ የቤቱ ጥቁር ሠራተኛም አይደሰቱም። ፊልሙ ሲቀረጽ እንዲህ ያለ ጋብቻ በ16 የአሜሪካ ግዛቶች ወንጀል ነበር። ሰኔ 1967 ላይ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረው፤ ፊልሙ ታኅሣሥ ላይ ወጣ።

ጥቁር ተቺዎች ግን ሁሉንም በጭብጨባ አልተቀበሉትም። ይህ ሙሽራ ዝነኛ ሐኪም፣ ጨዋ፣ መልከ መልካም፣ እንከን የሌለው ነው፤ ለነጭ ቤተሰብ የሚበቃው እንዲህ ያለ ጥቁር ብቻ ከሆነ፣ እንደማንኛውም ሰው ድክመት ያለበት ጥቁር የት ይግባ? ነው ጥያቄው። ትክክለኛ ጥያቄ ይመስለኛል። ሰውን የምንቀበለው ከእኛ በልጦ ሲገኝ ብቻ ከሆነ ገና አልተቀበልነውም።

ሚያዝያ 4 ቀን 1968 ዶክተር ኪንግ ሜምፊስ ላይ ተገደሉ። የኦስካር ሥነ ሥርዓት ሚያዝያ 8 ሊካሄድ ተቀጥሮ ነበር፤ ለቀብራቸው ሲባል ወደ 10 ተላለፈ። በዚያ ምሽት የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ የተሸለመው ያ ጥፊው የተመለሰበት ፊልም ነው። በብዙ ከተሞች ግን ጭሱ ገና አልጠፋም።

ጎንደሬው አሜሪካ ገባ

ከእነዚያ ከሚነዱት ከተሞች አንዷ ቺካጎ ነበረች። ኃይሌ ገሪማ በ1967 ትወና ሊማሩ የሄዱት ወደዚያው ነው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ይደርሳቸው የነበረው የአገልጋይ ድርሻ ሆነ። ጎንደር ላይ ከታርዛን ጎን የተቀመጠ ልጅ፣ አሜሪካ ሲደርስ ወንበሩ ከማን ጋር እንደሆነ ተነገረው።

በ1970 ሎስ አንጀለስ ወዳለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተሻግረው ፊልም ተማሩ። የዚያች ከተማ የዋትስ ሠፈር በ1965 ተቃጥሎ 34 ሰው ሞቶበታል፤ ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲው ጥቁሮችንና ሌሎች የተገፉ ወገኖችን በፊልም ትምህርት መቀበል ጀምሮ ነበር። እዚያ ከእነ ቻርልስ በርኔትና ጁሊ ዳሽ ጋር በኋላ «የሎስ አንጀለስ ዓመፅ» የተባለው ትውልድ አባል ሆኑ። የእነዚህ ወጣቶች ሐሳብ፣ የሆሊዉድን ካሜራ እባክህ ወደ እኛ ዙር ከማለት የራሳችንን ካሜራ እንያዝ የሚል ነበር።

«ቡሽ ማማ» በተባለው የኃይሌ ፊልም መግቢያ ላይ ፖሊሶች ሰዎችን አስቁመው ሲፈትሹ ይታያል። ያ ትወና አይደለም። ፖሊስ ያስቆመው የፊልሙን ሠራተኞች ራሳቸውን ነው፤ ካሜራው ስላልጠፋ ተቀረጸ፤ እሳቸውም ፊልሙ ውስጥ አስገቡት።

እኛስ?

እስካሁን ያወራነው ስለ አሜሪካ ነው። ስለ ሌላው ሰው ኃጢአት ማውራት ደግሞ ቀላል ነው።

ሲኒማ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈተውን የመጀመሪያ ሲኒማ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» አለው። ፋሺስት ጣሊያን ሲገባ በዘር ሕጉ ነጩንና ጥቁሩን በየመዋያው ለያየ፤ እኛም ለአምስት ዓመት የሰገነቱን ወንበር ቀመስን። በእኛ 1950ዎቹ የአዲስ አበባ ወጣት የካውቦይና የህንድ ፊልም ለማየት ሲኒማ ኢትዮጵያና አምፒር ይሰለፍ ነበር። በ1957 ዓ.ም. በኢላላ ኢብሳ አዘጋጅነትና ላምብሮስ ጆካሪስ በተባለ የግሪክ ተወላጅ ዳይሬክተርነት «ሂሩት አባቷ ማነው» ወጣ፤ የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ የሲኒማ ፊልም እየተባለ ይጠራል።

ርዕሱን ልብ በሉት። አባቷ ማነው? ይህ ጥያቄ በአገራችን ተራ ጥያቄ አይደለም። ሽማግሌ ሲላክ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ዘሩ ምንድን ነው? አጥንቱ ይታወቃል ወይ? ሰባት ቤት ይቆጠራል። ሲቆጠር ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ፋቂ ወይም ሸክላ ሠሪ የተገኘበት፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ከባሪያ ተወልዷል የተባለ፣ ሽማግሌው አፍሮ ይመለሳል። ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ባርነትም በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተሽሯል። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን ቤት ውስጥ ቀረ።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1963 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፊት ቆመው አንዱ ዘር ከሌላው ይበልጣል የሚለው አስተሳሰብ ካልጠፋ ዓለም ሰላም እንደማያገኝ ተናገሩ። እውነት ነበር፤ ዓለምም አጨበጨበ። በዚያው ጊዜ ግን በአገራቸው ገባር ገበሬ የምርቱን ብዙውን እጅ ለባለ መሬት ይገብር ነበር፤ አጥንትም ይቆጠር ነበር።

ኃይሌ ገሪማ አሜሪካ ውስጥ የተማሩትን ይዘው የተመለሱት ወደዚህ ነው። ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ሰሞን መጥተው፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በጥቁርና ነጭ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጹ። በፊልሙ ውስጥ ባለመሬቱ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይጮኻል፤ ገበሬዎቹ ይለፋሉ። ከበቤ የሚባል፣ ለአገሩ ተዋግቶ መሬቱን የተነጠቀ፣ ሰዎች እብድ የሚሉት ሽማግሌ አለ፤ እውነቱን የሚናገረው እሱ ነው። በዚህ ፊልም ውስጥ ነጭ ጨቋኝ የለም። ጨቋኙም ተጨቋኙም አማርኛ ይናገራሉ፤ መልካቸውም አንድ ነው። እኔ ከኃይሌ ሥራ ሁሉ ይህን የማስበልጠው ለዚህ ነው። አሜሪካ ላይ ዘረኝነትን ያየ ዓይን ወደ ቤቱ ሲመለስ አልተጨፈነም።

የቀረበው ቡና

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናዘዝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምናውቀው አንድ ኅብረት የሚያገለግሉ ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ፈለጉ። ሽማግሌ ተላከ። የልጅቷ ቤት አማኝ ቤት ነው፤ በጸሎት ተጀመረ። እኔ ለቤተሰቡ ቅርብ ስለሆንሁ ቡና በማቅረብ እረዳ ነበር። ከዘመዶቹ አንዱ ጉሮሮአቸውን ጠርገው፣ «ልጁ መልካም ነው፤ ግን አያቱ ብረት ሲቀጠቅጡ ነበር ይባላል» አሉ። ሌላው አንድ ቀልድ ጨመሩበት። ቤቱ ሳቀ። እኔም ሲኒውን እንደያዝሁ ሳቅሁ።

ጋብቻው ቀረ። ምክንያቱ ሲነገር ግን «ጌታ አልፈቀደም» ተባለ።

ልጁ ከልጅቷ የቀላ ነበር። አሜሪካ ቢወስዷቸው ሁለቱም እኩል ሰገነት ላይ በተቀመጡ። እኔ ደግሞ ያ አጎት የ1967ቱን ፊልም ቢያዩት ከማን ወገን እንደሚሆኑ አልጠራጠርም፤ ከጥቁሩ ሐኪም ወገን ነው። «ምን ዓይነት ክፉ ሰዎች ናቸው፣ በቆዳ ቀለም ልጅ የሚከለክሉ!» ይሉ ነበር። ከልባቸው ያዝኑ ነበር። እኔም አብሬ አዝን ነበር። በሩቅ አገር ላለ ሰው ማዘን ምንም አያስከፍልምና።

ባቲ የሰኞ ገበያ ከተማ ናት። የቆላው ሰውና የደጋው ሰው፣ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው አንድ ሜዳ ላይ ይገበያያል። ያመጣውን እንፈልጋለን፣ ገንዘቡንም እንፈልጋለን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን እያንዳንዳችን ቤታችን ገብተን ስለ ሌላው የምንናገረው አለ፤ ልጆቻችንም ይሰማሉ። እነዚያ ልጆች ነገ ስልካቸው ላይ ፊልም ሲያዩ ማን ሲወድቅ እንደሚያጨበጭቡ የሚማሩት ከፊልሙ ብቻ አይደለም፤ ከእኛም ነው።

ስለዚህ በየኅብረታችሁ አንድ ቅዳሜ ከእነዚህ ፊልሞች አንዱን አብራችሁ እዩ። ሲያልቅ ስለ ተዋናዩ ብቃት ብቻ አትወያዩ። እያንዳንዱ ሰው፣ በየትኛው ቦታ ሳቅሁ? ማን ሲጎዳ ዝም አልሁ? ብሎ ይናገር። ከዚያ ደግሞ ስለ ሰፈራችሁ፣ ስለ ቤታችሁ ይህንኑ ጠይቁ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል።

እኔ የጀመርሁት ከዚያ ልጅ ነው። ባለፈው ዓመት አግኝቼው፣ ያን ቀን እዚያ ቤት እንደነበርሁና እንደሳቅሁ ነገርሁት። ትንሽ ዝም ብሎ፣ «አውቃለሁ፤ በር ላይ ቆሜ ስለነበር ሰምቻለሁ» አለኝ።

እኔ «ከኋላህ!» ብዬ መጮኽ የነበረብኝ ያን ቀን ነበር።